ስስ ላሜራ በብየዳ ሙቀት ለምን ይወላገዳል? እንዴትስ ይገታል?

በሸጎሌ ለብረታ ብረት ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል፤ ስስ ብረት ሲበየድ ለምን እንደሚወላገድና መወላገዱን እንዴት መግታት እንደሚቻል ነው። ሆኖም በዚህች ከተማ ውስጥ ከዚህ ጉዳይ ጋር ያልተገናኘ ቤት የለም ማለት ይቻላል። የግቢያችን በር፣ የመስኮታችን መዝጊያ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን አካል፣ የውሃ ታንከራችን መቆሚያ፣ ተሳፍረን የምንሄድበት አውቶቡስ ጎን፣ ሁሉም ከስስ ላሜራና ከቱቦላሬ የተሠሩ ናቸው።

ንግግሩ በሸጎሌ መደረጉም ተገቢ ነው። የከተማ አውቶቡስ ዴፖ እዚሁ ሰፈር ይገኛል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የሚሰጥበት የጄኔራል ዊንጌት ኮሌጅም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወደ መርካቶ ወረድ ስንል ደግሞ የምናለሽ ተራ ባለሙያዎች አሮጌ በርሜል ቀደው፣ ቀጥቅጠውና አቅንተው አዲስ ዕቃ ሲያወጡበት እናያለን። ስለዚህ የማቀርበው ነገር ለብዙዎቻችሁ በእጅ የሚታወቅ ነው። የእኔ ድርሻ እጅ የሚያውቀውን በምክንያት ማስደገፍ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ የበር ላሜራ ተበይዶ ሲነሣ መካከሉ ሆድ አውጥቶ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ተጠርጣሪዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ላሜራው ነው፤ «የዘንድሮ ላሜራ ጥራት የለውም» ይባላል። ሁለተኛው ኤሌክትሮዱን የያዘው ወጣት ነው፤ «እጁ ገና አልጸናም» ይባላል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ የሚፈጸመው ብልጭታው ከመነሣቱ በፊት ነው። የት እንደሚበየድ፣ ምን ያህል እንደሚበየድ፣ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ሳይወሰን ሥራው ከተጀመረ፣ እጅግ የሠለጠነ እጅም ቢሆን ላሜራውን ከመወላገድ አያድነውም።

ይህን የምለው ለክርክር አይደለም። በሩ ከመቃኑ አልገጥም ሲል ኪሳራውን የሚሸከም ሰው አለ። ባለቤቱ ሥራው እንዲደገም ይጠይቃል፤ ባለወርክሾፑ ላሜራ ደግሞ ይገዛል፤ ለማጅ ሠራተኛው ደግሞ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል። የብረቱን ሕግ ማወቅ እንግዲህ የፍትሕም ጉዳይ ነው።

ሙቀት በብረት ላይ የሚሠራው

ተራ ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ከርዝመቱ ከሚሊዮን 12 ያህል እጅ ይረዝማል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በ100 ዲግሪ ቢሞቅ 1.2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። ዘንጉ እንደ ልቡ መርዘምና ማጠር ከቻለ ሲቀዘቅዝ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ምንም ጉዳት አይደርስበትም።

የብየዳ ችግር የሚነሣው ሙቀቱ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ነው። በመስመሩ ላይ ብረቱ ወደ 1500 ዲግሪ ደርሶ ይቀልጣል፤ ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ ያለው ብረት ግን ገና በእጅ የሚነካ ነው። የጋለው ክፍል መርዘም ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛው ጎረቤቱ ግን አላላውስ ይለዋል። መርዘም ያልቻለው ብረት በራሱ ላይ ይጨመቃል፤ ይወፍራል። ለስላሳ ብረት በሁለት በኩል ጥብቅ ተደርጎ ተይዞ ቢሞቅ፣ የመጨመቂያ ልኩን አልፎ ለዘለቄታው ቅርጹን ለመለወጥ የሚበቃው ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ጭማሪ ብቻ ነው። ይህም ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም የራቀ አይደለም። ብየዳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ቀጥሎ መስመሩ ይቀዘቅዛል። የቀለጠውም ሆነ በጎኑ ተጨምቆ የወፈረው ብረት ይኮማተራል። ነገር ግን የሚኮማተረው ከቀድሞው ርዝመቱ ሳይሆን ከተጨመቀበት ርዝመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ የብየዳው መስመር ከዙሪያው አጥሮ ይቀራል። ላሜራው ላይ አጭር ክር እንደተሰፋበት ጨርቅ አድርጋችሁ ገምቱት፤ ክሩ ሲሳብ ጨርቁ ይሸበሸባል።

እዚህ ላይ ልብ እንድንለው የምፈልገው ዋና ነጥብ አለ። በላሜራው መካከል የምናየው እብጠት ላሜራው ስለረዘመ የመጣ አይደለም። ዙሪያው ስላጠረ የመጣ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ፣ በኋላ እንደምናየው፣ ስለ ማቅናት ያለንን አሳብ በሙሉ ይለውጠዋል።

አንድ ሚሊ ሜትር የሚያመጣው መዘዝ

«የብየዳ መስመር ቢያጥር ምን ያህል ያጥራል? ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥ» የሚል ሰው ይኖራል። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 1 ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ጠርዞቹ ተይዘው በ1 ሚሊ ሜትር ቢቀራረቡ፣ ትርፍ የሆነው ብረት መሄጃው ወደ ውጭ መጉበጥ ብቻ ነው። በቀላል የቅስት ስሌት መሠረት መካከሉ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ቅርርቡ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ እብጠቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ዐይን የማያየው ማጠር ዐይን የማያልፈው እብጠት ይሆናል።

ወፍራም ብረት ይህን ይቋቋማል፤ ስስ ብረት ግን አይችልም። የአንድ ዝርግ ብረት ለመታጠፍ ያለው እምቢታ ከውፍረቱ ጋር በሦስተኛ ኃይል ያድጋል። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ2 ሚሊ ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ የደከመ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን አንድ ስምንተኛ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ በወፍራም ብረት ላይ የተለመደውን አበያየድ ወደ ስስ ላሜራ ማምጣት አይቻልም።

ይህ ችግር የእኛ ወርክሾፖች ብቻ አይደለም። በውጭ አገር መርከብ ሠሪዎች ስስ ብረት በአጥንቶች መካከል ሲበይዱ የመርከቡ ጎን ሰርጎድ ሰርጎድ ይልባቸዋል። አጥንቱ ቆዳው ላይ ስለሚቆጠር «የተራበ ፈረስ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ከከተማ የወጡ አሮጌ ጭነት መኪናዎችን ጎን ያየ ሰው ስያሜው ወዲያው ይገባዋል።

ሙቀትን እንደ ገንዘብ መቁጠር

መወላገድን ለመግታት የመጀመሪያው መንገድ ወደ ላሜራው የሚገባውን ሙቀት መቀነስ ነው። የሚገባው ሙቀት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በአምፒር፣ በቮልትና በእጃችን ፍጥነት። አምፒርን በቮልት አባዝተን ለፍጥነት ብናካፍለው በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ላይ ያወጣነውን ኃይል እናገኛለን።

ለምሳሌ በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ በ80 አምፒርና በ22 ቮልት፣ በሰከንድ 3 ሚሊ ሜትር እየተጓዝን ብንበይድ በየሚሊ ሜትሩ 590 ጁል ገደማ እናወጣለን። በ2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ በ50 አምፒርና በ21 ቮልት፣ በሰከንድ 4 ሚሊ ሜትር ብንጓዝ ግን 260 ጁል ገደማ ይሆናል። ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። በተለምዶ ሲኦቱ በምንለው ማሽን 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጠቅመን በ80 አምፒር፣ በ17 ቮልትና በሰከንድ 8 ሚሊ ሜትር ብንሠራ ደግሞ ወደ 170 ጁል ይወርዳል። የባትላሜራ ባለሙያዎች ለመኪና አካል ሲኦቱን የሚመርጡበት ምክንያት ከዚህ ቁጥር ላይ ይነበባል። በአንጻሩ የካርባይድ ጋዝ ነበልባል ቀስ ብሎ ስለሚያሞቅ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ለስስ ላሜራ ረጅም መስመር ሲውል መወላገዱን ያብሳል።

ሁለተኛው ቁጠባ የመስመሩ ርዝመት ነው። ለአንድ የግቢ በር ላሜራውን ከቱቦላሬው ፍሬም ጋር ዙሪያውን ያለ ማቋረጥ የሚበይድ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ጥንካሬ የሚጨምር ይመስለዋል። በሩ የሚሸከመው ጭነት ግን ያን ያህል ብየዳ አይጠይቅም። በየ100 ሚሊ ሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ብንበይድ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ ለተለመደ በር ጥንካሬውም በቂ ነው። «በክፍተቱ ዝናብ ገብቶ ይዝጋል» የሚለው ሥጋት እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ተጨማሪ ሙቀት አይደለም፤ ከመበየድ በፊት የሚገናኙትን ገጾች ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት፣ ከተበየደም በኋላ ክፍተቱን በማሸጊያ መድፈን ነው።

ሦስተኛው ቁጠባ አገጣጠም ነው። በሁለት ላሜራዎች መካከል ክፍተት ካለ በያጁ ክፍተቱን ለመሙላት ይዘገያል፤ ሲዘገይ ሙቀት ይከማቻል፤ ሙቀት ሲከማች ላሜራው ይበሳል ወይም ይወላገዳል። ለመቁረጫና ለሞረድ የዋለች ግማሽ ሰዓት ለማቅናት ከሚጠፋ ግማሽ ቀን ትሻላለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ጊዜን ማሳጠር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከኢንዱስትሪ ታሪክ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካው በድ ኩባንያ ፓዮኒር ዘፊር የተባለውን ባቡር ከስስ የማይዝግ ብረት ሲሠራ፣ ቁርጥራጮቹን ያያያዘው ከሰከንድ ክፍልፋይ ባልበለጠ ጊዜ በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ነጥብ ብየዳ ነበር። ዋናው ዓላማ የማይዝገው ብረት ጠባዩ እንዳይበላሽ ነው። መርሑ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሳይሻገር ሥራው እንዲያልቅ ማድረግ።

ቅደም ተከተል

ያንኑ ያህል ሙቀት ተጠቅመን ውጤቱን በቅደም ተከተል ብቻ መለወጥ እንችላለን። ይህ ዋጋ የማይከፈልበት መድኃኒት ነው።

መጀመሪያ ላሜራውን በነጥብ ማስያዝ ነው። ሁለት ስስ ላሜራዎች ጠርዝ ለጠርዝ ሲጋጠሙና ብየዳው ከአንድ ጫፍ ሲጀመር፣ ከፊት ያለው ክፍተት እንደ መቀስ እየተዘጋ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ይህን ለማስቀረት በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ነጥቦቹ በ25 ወይም በ30 ሚሊ ሜትር ርቀት መቀራረብ አለባቸው። ነጥቦቹንም በተርታ አንመታቸውም፤ ከመካከል ጀምረን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያልን እንሄዳለን።

ቀጥሎ ወደ ኋላ እየተመለሱ መበየድ ነው። ሥራው በጠቅላላው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል እንበል። እያንዳንዱ አጭር መስመር ግን ከቀኝ ተነሥቶ ቀድሞ ወደተሠራው ወደ ግራ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የአንዱ አጭር መስመር ሙቀት ከፊቱ ያለውን ያልተበየደ ክፍል አያስከፍተውም፤ መኮማተሩም በአንድ አቅጣጫ አይጠራቀምም።

ሦስተኛው እየዘለሉ መበየድ ነው። አንድ አጭር መስመር ከተሠራ በኋላ ቀጣዩ ከእርሱ ርቆ በተቃራኒው በኩል ይሠራል፤ የመጀመሪያው ሙቀቱን እስኪያወጣ ይቆያል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ቀድሞ የተበየደው አካባቢ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ወደዚያ አይመለሱም። ፍሬም ከሆነ ደግሞ አንዱ ማዕዘን ከተሠራ ቀጣዩ በሰያፍ ትይዩው ያለው ማዕዘን ይሁን።

በቁም ያለ ስስ ላሜራ ሲበየድ ከላይ ወደ ታች መውረድ ፍጥነትን ይጨምራል፤ ሙቀትን ይቀንሳል። ይህ ግን ለስስ ላሜራ ብቻ የተፈቀደ ነው። ጭነት የሚሸከም ወፍራም ብረት ላይ ብየዳው በበቂ ጥልቀት ላይገባ ስለሚችል አደጋ አለው።

ማሰርና ማቀዝቀዝ

ላሜራውን ከጠረጴዛ ጋር በመቆንጠጫ ማሰር ይጠቅማል፤ ሥራው እስኪቀዘቅዝም አለመፍታት ይገባል። ሆኖም ማሰር ውጥረቱን አያጠፋውም፤ በብረቱ ውስጥ ይቆልፈዋል እንጂ። ሙቀቱ በዝቶ ከሆነ መቆንጠጫው ሲፈታ ላሜራው ብድሩን ይመልሳል። ስለዚህ ማሰር የሙቀት ቁጠባን ይረዳል እንጂ አይተካውም።

ከመቆንጠጫው ይልቅ ብዙ የሚሠራው ከብየዳው መስመር ሥር የሚደረግ የመዳብ ዝርግ ነው። መዳብ ሙቀትን ከተራ ብረት በሰባትና በስምንት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያሻግራል፤ ከብረቱም ጋር በቀላሉ አይጣበቅም። መዳብ ካልተገኘ ወፍራም አሉሚኒየም ከፊሉን ሥራ ይሠራል። እርጥብ ጨርቅ በመስመሩ ጎንና ጎን የሚጠቀሙም አሉ። ውሃው ወደ መስመሩ ከገባ ግን ብየዳውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የብየዳ ማሽን መያዝም ለሕይወት ያሰጋል። መዳቡን እንድትመርጡ እመክራለሁ።

ከተወላገደ በኋላ

ይህን ሁሉ አድርገንም ጥቂት እብጠት ሊቀር ይችላል። የተለመደው ፈጣን እርምጃ መዶሻ አንሥቶ እብጠቱን መምታት ነው። ቀደም ብለን ያልነውን እናስታውስ፤ እብጠቱ የመጣው ዙሪያው ስላጠረ ነው። እብጠቱን በመዶሻ ስንመታው ቀድሞውንም ትርፍ የሆነውን ብረት ይበልጥ እናሳሳዋለን፤ እናረዝመዋለን። ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ክዳን አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ቷ ቷ ማለት ይጀምራል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ያጠረውን ማስረዘም ነው። የብየዳው ጉብታ በግራይንደር ከተስተካከለ በኋላ፣ ከኋላ ጠንካራ ብረት ተደግፎ መስመሩ ራሱ በቀስታ ይቀጠቀጣል። ሁለተኛው የረዘመውን ማሳጠር ነው፤ ይህም የባትላሜራ ባለሙያዎች ጥበብ ነው። በእብጠቱ ላይ የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ነጥብ በነበልባል ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ይሞቃል። የነጥቡ ዙሪያ በመዶሻ ወደ መካከሉ ይሰበሰባል፤ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ይቀዘቅዛል። የጋለው ነጥብ በቀዝቃዛው ዙሪያው ታግቶ ይወፍራል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ትርፉን ብረትም ወደ ራሱ ይስባል።

ልብ በሉ፤ ላሜራውን ያወላገደውም፣ ያቀናውም አንድ ሕግ ነው። ባለሙያው በአንደኛው ጊዜ ሳያውቅ፣ በሁለተኛው ጊዜ አውቆ ተጠቅሞበታል። ባትላሜራው የብረትን ሳይንስ አያውቅም የሚል ሰው ካለ ይህን ሥራ ቆሞ ይመልከት።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ስቱኮ። ስስ ስቱኮ ለማለስለስ ተገቢ ነው። በወፍራሙ ተለጥፎ እብጠትን ለመሸፈን ሲውል ግን ችግሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። ብረቱ በፀሐይና በብርድ ሲለጠጥና ሲኮማተር፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ፣ ስቱኮው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ዝገቱም ከሥር ተሸሽጎ ይበላል።

በአውቶቡስ አካል ላይ

ከሩቅ ሳንሄድ የአውቶቡስን ጎን እንውሰድ። የጎን ላሜራው ሰፊ ነው፤ ስስ ነው፤ ከቱቦላሬ አጥንት ጋር ይያያዛል፤ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። የተጋጨ አውቶቡስ ሲጠገን ሙሉ ላሜራ መቀየር ወይስ ቁራጭ መበየድ የሚለው ውሳኔ ዋና ነው። ቁራጭ የሚገባ ከሆነ መስመሩ በሰፊው ሜዳ መካከል ሳይሆን በአጥንቱ ላይ ወይም በታጠፈ ጠርዝ አጠገብ ቢያርፍ መልካም ነው። እጥፋት ላሜራውን ያጸናዋል፤ መስመሩም እዚያ ሲኮማተር የሚጎትተው ነገር አያገኝም። የቁራጩም ማዕዘኖች ሹል ከሚሆኑ ክብ ቢሆኑ ውጥረት አይከማችባቸውም።

ሦስት ጥንቃቄዎች ልጨምር። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ የማሽኑም የመሬት መያዣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ አለበለዚያ የዘመናዊ ተሽከርካሪ የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ከላሜራው ጀርባ ያለ ወንበር፣ ስፖንጅና ጣውላ ይነሣ። ላሜራው በዚንክ የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚተን፣ ጭሱም ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ስለሚያመጣ፣ ልባጩ ከመስመሩ አካባቢ ይነሣ፤ አየር በሚንቀሳቀስበት ቦታም ይሠራ።

መለካትና መመዝገብ

የመጨረሻው ነጥቤ ለመምህራንና ለተማሪዎች ነው፤ ባለወርክሾፖችም ብትሰሙት ደስ ይለኛል። ከአንድ ላሜራ 300 በ300 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች ቁረጡ። በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር በይዱ፤ በአንደኛው ሳታቋርጡ፣ በሁለተኛው ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ፣ በሦስተኛው እየዘለላችሁ፣ በአራተኛው ከሥር መዳብ አድርጋችሁ። ከቀዘቀዙ በኋላ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድማችሁ ክፍተቱን ለኩ። የላሜራውን ውፍረት፣ የኤሌክትሮዱን ዓይነት፣ አምፒሩን፣ የፈጀውን ጊዜና የእብጠቱን ልክ በደብተር ጻፉ። የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰዓት የቆየ ትራንስፎርመር ማሽን የሚሰጠው አምፒር ስለሚለዋወጥ ሰዓቱንም መዝግቡ።

ይህ ሙከራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማስመሪያ፣ ሰዓትና ደብተር ይበቃዋል። በአንድ ወር ውስጥ ግን ወርክሾፑ የራሱ የሆነ፣ ለራሱ ማሽንና ለራሱ ላሜራ የተፈተነ ዕውቀት ይኖረዋል። አንጋፋው ባለሙያ ጡረታ ሲወጣም ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር አይሄድም። በሚቀጥለው ጊዜ ላሜራ ሲወላገድም ጥያቄው «ማን አበላሸው?» ከሚለው ወደ «በየትኛው ቅደም ተከተል ተበየደ?» ወደሚለው ይዞራል።

ወገኖቼ፤ አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። በስስ ላሜራ ላይ ይህ ምሳሌ ቃል በቃል ይሠራል። ብልጭታው ከመነሣቱ በፊት የተወሰነ አምስት ደቂቃ፣ ማለትም የት፣ ምን ያህል፣ በምን ተራ የሚለው አምስት ደቂቃ፣ ከሥራው ሁሉ ርካሹና ትርፋማው ነው። ደብተሮቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ውጤቶቻችሁን አብረን ብናነጻጽር እወዳለሁ።